ስለ ፕሮቲን ቅርጽና ቅርጹን ስለሚያዳምጠው ማግኔት

(በሰፈራችን ማትናስ ለወላጆችና ለወጣቶች ከቀረበ ንግግር ለመጽሔታችን አንባቢያን የተዘጋጀ)



ከኩፓት ሆሊም «ኤም.አር.አይ ታነሣለህ» የሚል ወረቀት የተሰጠው ሰው ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ነገር ጨረር ነው ወይ?» ብሎ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚያ መሣሪያ ሳይሆን ስለ ታላቅ ወንድሙ ነው። በታላቅ ወንድሙ ውስጥ ሰው አይገባበትም። የሚገባበት ከእርሳስ የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ሲሆን፣ በቱቦው ያለው ፈሳሽም ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። መሣሪያው በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሟሟው ፕሮቲን ምን ቅርጽ እንዳለውና ቅርጹን እንዴት እንደሚለውጥ ያዳምጣል። «ያያል» አላልሁም፤ «ያዳምጣል» ያልሁበትን ምክንያት ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

«እኛ የቤት ብድርና የልጆች ትምህርት ጉዳይ አለብን፤ ይህ ምን ይረባናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ በዚህችው አገር ከሊቢያ የመጡ ወገኖች ያሳለፉት ታሪክ ነው። እሱን ለመረዳት ግን አስቀድሞ ሰንሰለቱንና ማግኔቱን ማወቅ ስለሚያስፈልግ ትንሽ ታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮቲን ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ሥጋን፣ እንቁላልን፣ ሽሮን ነው። ልክ ነው፤ ነገር ግን ፕሮቲን ምግብ ብቻ አይደለም። ደማችን ውስጥ አየር የሚሸከመው፣ ጡንቻችንን የሚያሳጥረውና የሚያስረዝመው፣ የበላነውን የሚፈጨው ሁሉ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ማለት በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ያለ ረጅም ሰንሰለት ነው። ዶቃዎቹ አሚኖ አሲድ ይባላሉ፤ በዓይነት 20 ናቸው። ሰንሰለቱ በሳይንስ ቋንቋ ፖሊፔፕታይድ ይባላል። ከ20ዎቹ አንዱ ላይሲን የሚባለው ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን። (በነገራችን ላይ እህል ብቻውን ላይሲን ይጎድለዋል፤ ጥራጥሬ ግን በላይሲን የበለጸገ ነው። እንጀራን በሽሮ የሚበሉ እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ጉድለቱን ሞልተውታል።)

ዶቃው በተራ መሰካቱ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሥራው ያለው በቅርጹ ነው። ጥጥ የፈተላችሁ እናቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እንዝርት ላይ ጠንክሮ የተከረረ ፈትል ጫፉን ስትለቁት በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ማንም አልጠመዘዘውም፤ ጥምዙ በክሩ ውስጥ ነበር። የፕሮቲን ሰንሰለትም እንዲሁ አንዳንዱ ክፍሉ እንደ ሞላ ይጠመዘዛል። ሌላው ክፍሉ ደግሞ ሸማኔ ድሩን ጎን ለጎን እንደሚዘረጋው ክር ከክር አጠገብ ተሰድሮ ዝርግ ይሆናል። ጥምዝና ዝርግ የሚሉትን ሁለት ቃላት ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው።

ቅርጹ ሲጠፋ የሚሆነውን በየቤታችን ምጣድ ላይ እናየዋለን። የእንቁላል ነጩ ጥሬ ሳለ እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ሲበስል ይነጣል፣ ይጠጥራል። ሰንሰለቱ አልተቆረጠም፣ ከዶቃዎቹም አንድ እንኳ አልወደቀም። የተበላሸው ቅርጹ ብቻ ነው። የበሰለ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ ስለማይመለስ፣ ብዙ ሰው ቅርጹን ያጣ ፕሮቲን ሁሉ የማይመለስ ይመስለው ነበር። ሆኖም ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለው አሜሪካዊና ባልደረቦቹ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ራይቦኑክሊየስ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ቅርጹን አስጥለው መልሰው ሲተዉት በገዛ ራሱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንደሚመለስና ሥራውንም እንደሚጀምር አሳዩ። አንፊንሰን ለዚህ በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አብሮት ከሠሩት አንዱ በኋላ የረሖቮቱን የቫይዝማን ኢንስቲትዩት የመራው ሚካኤል ሴላ ነው።

ረሖቮት ካልሁ ዘንድ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናትና ጥቂት ልቆይባት። ከ1973 እስከ 1978 የእስራኤል ፕሬዚደንት የነበሩት ኤፍራይም ካጺር ፖለቲከኛ ከመሆናቸው በፊት በዚያው ኢንስቲትዩት የፖሊፔፕታይድ ሊቅ ነበሩ። የእውነተኛው ፕሮቲን 20 ዓይነት ዶቃ ለጥናት ስላስቸገረ፣ ካጺር ከአንድ ዓይነት ዶቃ ብቻ የተሠራ ሰንሰለት ሠሩ። ከእነዚህም አንዱ ሁለመናው ላይሲን የሆነው ፖሊላይሲን ነው። ልጆች ፊደልን ከ«ሀ» እንደሚጀምሩት ማለት ነው። ላይሲን በውኃ ውስጥ የአዎንታዊ ኤሌክትሪክ ሙል አለው። አንድ ዓይነት ሙል ያላቸው ነገሮች ስለሚገፋፉ፣ በተራ ውኃ ውስጥ ፖሊላይሲን ቅርጽ አልባ ሆኖ ይንሳፈፋል። ውኃው እንደ አመድ ውኃ አልካላይ ሲደረግ ሙሉ ይጠፋል፤ ሰንሰለቱም ይጠመዘዛል። ከዚያ ሲሞቅ ጥምዙ ይፈታና ዝርግ ይሆናል። እንግዲህ ያው ሰንሰለት፣ ያው ዶቃ፣ ሦስት ቅርጽ! ዶቃ ሳይለወጥ ቅርጽ ሊለወጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ማግኔቱ። ፕሮቲን በጣም ትንሽ ስለሆነ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ነገር ግን በፕሮቲን ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሃይድሮጅን አቶም እምብርቱ ትንሽ ማግኔት ነው። በትልቅ ማግኔት ውስጥ ሲገባ፣ ሲሽከረከር እንደሚዘምም እንዝርት አናቱን እያዞረ ይዘምማል። የዙሩ ፍጥነት በማግኔቱ ኃይል ይወሰናል። 1.5 ቴስላ ኃይል ባለው የሐኪም ቤት ኤም.አር.አይ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 64 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። ለፕሮቲን ጥናት በሚያገለግል 14.1 ቴስላ ማግኔት ውስጥ ግን 600 ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል። ይህ ማግኔት ኮምፓሳችንን ከሚያዞረው ከመሬት ማግኔት ከሩብ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ሽቦው በፈሳሽ ሄሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል።

የሬዲዮ ሞገድ በዚያው ፍጥነት ሲላክ እምብርቶቹ ይነቃቃሉ። ሞገዱ ሲቆምም እነርሱ ራሳቸው ደካማ የሬዲዮ ድምፅ መልሰው ይሰጣሉ። ለዚህ ነው «ያዳምጣል» ያልኋችሁ፤ መሣሪያው ሬዲዮ ጣቢያም ሬዲዮ ተቀባይም ነው። ሙሉ ስሙ ኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ነው። «ኒውክሌር» ማለት እዚህ ላይ «የአቶም እምብርት» ማለት ብቻ ነው፤ ከቦምብም ከራጅ ጨረርም ጋር ምንም አያገናኘውም። ሕዝብ ስሙን ሰምቶ ስለሚደነግጥ ሐኪም ቤቶች ያን ቃል ጥለው «ማግኔቲክ» ከሚለው ጀመሩ።

ድምፁ ሁሉ አንድ ቢሆን ኖሮ ምንም አይነግረንም ነበር። ነገር ግን በጎንደርና በትግራይ ያደጉ ሰዎች አንዱን ቃል ሲናገሩ በድምፃቸው እንደሚታወቁ፣ ሃይድሮጅኑም እንደሚኖርበት ሰፈር ድምፁ በትንሹ ይለያል። ልዩነቱ ከሚሊዮን አሥር ያህል እጅ ነው፤ በ600 ሚሊዮኑ መሣሪያ ግን ይህ ስድስት ሺህ ያህል ዙር ስለሚሆን ተለይቶ ይሰማል። በጥምዝ ውስጥ ያለና በዝርግ ውስጥ ያለ አቶም ድምፁ አንድ አይደለም። በተጨማሪም ሁለት ሃይድሮጅኖች ጎረቤት ከሆኑ አንዱ ሲነካ ሌላው ይሰማዋል። ይህ መሰማማት የሚደርሰው አንድ ሚሊ ሜትር ለሁለት ሚሊዮን ቢካፈል በሚገኘው ርቀት ውስጥ ላሉት ብቻ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መሰማማቱ 64 ጊዜ ይዳከማል። በሰንሰለቱ ላይ 5ኛውና 80ኛው ዶቃ ከተሰማሙ፣ ሰንሰለቱ ታጥፎ እነዚያን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧል ማለት ነው። እንዲህ ያለ የጎረቤት ምስክርነት በመቶና በሺህ ሲሰበሰብ የቤቱ ካርታ ይወጣል። ሰው ቤት ሳይገቡ ማን ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ በመጠየቅ ሰፈሩን እንደ መሳል ነው።

መንገዱ አጭር አልነበረም። ፌሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሴል ክስተቱን በ1946 አሳትመው በ1952 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የመጀመሪያው የፕሮቲን ድምፅ የታተመው በ1957 ሲሆን፣ ፕሮቲኑም ያው ራይቦኑክሊየስ ነበር። የተገኘው መስመር ጥቂት ጉብታ ብቻ ነበረው፤ ማንን ከማን መለየት አይቻልም ነበር። በስዊዘርላንድ ኩርት ቩትሪኽና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ የአንድን ፕሮቲን ሙሉ ቅርጽ ያወጡት በ1985 ነው፤ ቩትሪኽም በ2002 ለኖቤል በቃ።

እስካሁን ስለ ቅርጽ ነው የተናገርሁት። ስለ ቅርጽ መለወጥስ? እዚህ ላይ እንደገና ረሖቮት እንገባለን። በ1958 በቫይዝማን ኢንስቲትዩት የነበሩት ሳውል ማይቡምና ዳቪድ ጊል ከእነርሱ በፊት የነበረ አንድ የመለኪያ ዘዴ አሻሽለው አሳተሙ። ነገሩ እንዲህ ነው። መቶ ሯጮች ከአንድ መስመር ተነሡ እንበል። ፍጥነታቸው ስለሚለያይ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይበታተናሉ። አሠልጣኙ ፊሽካ ነፍቶ «ወደ ኋላ!» ቢላቸውና እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ቢመለስ፣ ፈጣኑ ብዙ ስለራቀ ብዙ ይመለሳል፣ ዘገምተኛው ጥቂት ስለሄደ ጥቂት ይመለሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መነሻው ላይ ይገናኛሉ። ይህ መገናኘት በሳይንሱ እንደ ገደል ማሚቶ ይቆጠራል። በመካከል ፍጥነቱን የለወጠ ሯጭ ግን ከጓደኞቹ ጋር አይደርስም። አቶሙም እንዲሁ ነው፤ ፕሮቲኑ በመካከል ቅርጹን ከለወጠ የአቶሙ ድምፅ ይለወጣል፣ ማሚቶውም ይደክማል። ፊሽካው እየተቀራረበ ሲነፋ የሚጎድለው ማሚቶ ይቀንሳል፤ ከቅነሳውም ቅርጹ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ይሰላል። ማይቡምና ጊል ዘዴውን ያወጡት ለፕሮቲን ብለው አልነበረም። ዛሬ ግን በዓለም ያሉ ላቦራቶሪዎች ከመቶ ሞለኪውል አንዱ ብቻ ለጥቂት ሺህኛ ሴኮንድ የሚይዘውን የተደበቀ ቅርጽ የሚያድኑት ስማቸው በተሸከመ በዚህ ዘዴ ነው። ለታዳጊዎቻችን ይህን ደጋግሜ እነግራለሁ፤ ሥራው የተሠራው በሩቅ አገር ሳይሆን ከቂርያት ሞሼ በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው።

አሁን የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም። ክሮይትስፌልት-ያኮብ የሚባል የአንጎል በሽታ አለ። የያዘው ሰው መርሳት፣ መንገዳገድ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ይሞታል። በዓለም ዙሪያ በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል ሐኪሞች አገሪቱን ሲያጠኑ፣ ከሊቢያ በመጡ ቤተሰቦች ዘንድ ከሌላው በብዙ አሥር እጥፍ የበለጠ ሆኖ አገኙት። ጥናቱ በ1974 ወጣ። ወዲያው ምክንያት ተፈለገ፤ ጣትም ወደ ወጥ ቤት ተቀሰረ። የበግን አንጎልና ዓይን በደንብ ሳያበስሉ ስለሚበሉ ነው ተባለ።

ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አልነበረም። በጎችን የሚይዝ ተመሳሳይ የአንጎል በሽታ አለ፤ ሐኪም ደግሞ መጠርጠር ሥራው ነው። ይሁን እንጂ የበግ ጭንቅላት ከምሥራቅ አገሮች የመጡ ሌሎች ብዙ ቤተሰቦችም ይበላሉ። እናቱን በዚህ በሽታ የቀበረ ሰው በሐዘኑ ላይ «እናንተ የምትበሉት ነው» ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። በ1996 ከማኅበረሰባችን የተለገሰ ደም በጅምላ ይጣል እንደነበር በጋዜጣ ወጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ለሰልፍ የወጣችሁ ሁሉ፣ ይህን ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። አንድን ቱቦ መመርመርና አንድን ሕዝብ መጠርጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በ1991 መልሱ ታወቀ። ነገሩ ከምግብ ሳይሆን ከዘር የሚወረስ ነበር። ፕሪዮን የተባለ፣ ሁላችንም በአንጎላችን ያለን ፕሮቲን አለ። ሴላችን መጀመሪያ 253 ዶቃ ሰክቶ ይሠራውና ከሁለቱም ጫፍ ይቆርጠዋል። በእነዚህ ቤተሰቦች ዘንድ ከመጀመሪያው ሲቆጠር 200ኛው ዶቃ ተለውጧል። በዚያ ቦታ መኖር የነበረበት ግሉታሚክ አሲድ አሉታዊ ሙል ያለው ነው፤ በእርሱ ፈንታ የገባው ግን አዎንታዊ ሙል ያለው ያ ላይሲን ነው። ለውጡን ከያዘ ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ታዲያ አንድ ዶቃ እንዴት ሰው ይገድላል? ሐሳቡ፣ ስታንሊ ፕሩሲነር በ1997 የተሸለመበት፣ ይህ ነው፤ ጤነኛው ፕሪዮን በጥምዝ የበዛ ነው፤ የታመመው በዝርግ የበዛ ነው። የታመመው ጤነኛውን ሲነካ ያን የራሱን ቅርጽ ያስይዘዋል፤ እንዲህ እያለ ይከመራል። ዶቃው ያው ነው፣ ቅርጹ ግን ሌላ ነው። በፖሊላይሲን ከታየው ከጥምዝ ወደ ዝርግ መዞር ጋር የሚቀራረብ ነገር በሰው አንጎል ውስጥ ይሆናል ማለት ነው።

የማግኔቱ ቤት ሥራ እዚህ ላይ ነበር። በ1996 የቩትሪኽ ቡድን በዙሪክ የአይጥን ፕሪዮን የታጠፈ ክፍል ቅርጽ አወጣ፤ በ2000 የሰው ተከተለ። ሦስት ጥምዞችና አንድ ትንሽ ዝርግ ተገኘ። የሰንሰለቱ ግማሽ ያህል ደግሞ ቅርጽ የሌለው፣ እንደ ጅራፍ ጫፍ የሚወናጨፍ ሆኖ ተገኘ፤ ይህን በሌላ መሣሪያ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም የሚወናጨፍ ነገር ፎቶው ይደበዝዛል፣ ድምፁ ግን ይሰማል። በዚያው በ2000 በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች 200ኛው ዶቃ የተለወጠበትን ፕሪዮን በዚሁ ዘዴ አጠኑ። ብዙ ሰው የተጣመመ ነገር ይጠብቅ ነበር። የተገኘው ግን ከጤነኛው ጋር አንድ ዓይነት ሊባል የሚችል ቅርጽ ነው። የተለየው የፕሮቲኑ ውጫዊ ገጽ የኤሌክትሪክ ሙል አቀማመጥ ብቻ ነው።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ለውጡን የወረሰው ሰው ፕሮቲኑ ሲወለድ ጠማማ አይደለም። ስድሳ ዓመት ገደማ ድረስ ይማራል፣ ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ምንም አይታይበትም። የተለወጠው ዶቃ ፕሮቲኑ ከጎረቤቱ ጋር የሚገናኝበትን ገጽ ነው የሚነካው፤ ወደ ዝርግ የመዞሩን ዕድል ይጨምራል እንጂ ገና ከጅምሩ አያበላሸውም። ስለዚህ መድኃኒት ፈላጊው የተበላሸውን ከመጠገን ይልቅ ጤነኛውን ቅርጽ ደግፎ ማቆየትን ሊያስብ ይችላል።

ማግኔቱም ወሰን አለው። ፕሮቲኖቹ ተከምረው ሲጠጥሩ በፈሳሽ ውስጥ መገላበጥ ያቆማሉና ድምፃቸው ይደፈናል። ለጠጣር የተሠራ ሌላ ዓይነት ማግኔቲክ ሬዞናንስ አለ፤ ናሙናውን በ54.7 ዲግሪ አዘንብሎ በከፍተኛ ፍጥነት ያሽከረክረዋል። የታመመ ፕሪዮን ክምር ቅርጽ በዝርዝር የታየው ግን በ2021 በቅዝቃዜ በሚሠራ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ ጥምዙ ፈጽሞ ጠፍቶ ሰንሰለቶቹ እንደ ተነባበረ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው ታዩ። እስከ ዛሬ በሽታውን የሚያድን መድኃኒት የለም። በደም ምርመራ ለውጡን መያዝ አለመያዝ ማወቅ ግን ይቻላል፤ እርግዝና ከመጀመሩ በፊት ፅንሱን በላቦራቶሪ መርምሮ መምረጥም ይቻላል። ከእነዚያ ቤተሰቦች ማወቅ የሚፈልግ አለ፣ «አልወቅ፣ ቀኔን በሰላም ልኑር» የሚልም አለ። ሁለቱንም ማስገደድ አይገባም ባይ ነኝ።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ብቻ እዚህ ላስፍር። አንድ ወጣት ወደዚህ ሙያ ለመግባት ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ፤ በባግሩት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ በከፍተኛ ደረጃ መያዝ ነው፤ ምርጫው ከመደረጉ በፊት ወላጆች ከመምህሩ ጋር ቁጭ በሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ግንባሬና አንገቴ ላይ ንቅሳት አለኝ፤ ኤም.አር.አይ ውስጥ ብገባ ያቃጥለኛል ወይ?» አሉ። አንዳንድ የንቅሳት ቀለም ብረት ስላለበት አልፎ አልፎ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ለቴክኒሻኑ አሳዩት፣ ሲሞቃችሁም በእጃችሁ የሚሰጣችሁን ደወል ተጫኑ። የልብ መቆጣጠሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና የገባ ብረት ያለበት ሰው ወረቀቱን ከሐኪሙ ሲቀበል አስቀድሞ ይናገር፤ ቀለበት፣ አምባርና የፀጉር መርፌ ቤት ይቅር።